ሊሰናበት የተቃረበ አሮጌ የመዝናኛ መርከብ ላይ መሄድ፦ ከድሬዳዋ ለሚነሳ ቤተሰብ መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ልጆቹ ደግሞ አንድ ቦታ አይኖሩም። አንዱ ስቶክሆልም፣ አንዷ ቶሮንቶ፣ ሌላዋ ዱባይ። እናት ለማን ደርሳ ለማን ትቀራለች? ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰብ "ሁላችንም መርከብ ላይ እንገናኝ" ማለት ጀምሯል። መኝታው፣ ምግቡና ጉዞው በአንድ ዋጋ ይጠቃለላል፤ እናትም አታበስልም። ዋጋው ረከስ ብሎ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ አሮጌው መርከብ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሠራ፣ ኩባንያው ሊሸጠው ወይም ሊያፈርሰው ያሰበው።

እኔ እንዲህ ያለውን መርከብ ከልቤ እወዳለሁ፤ ለሚጠይቀኝም ሁሉ "ሂዱበት" ነው የምለው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። መርከቡ በየጊዜው መመርመሩንና መጠገኑን አጣሩ። ጉዞው ድንገት ቢሰረዝ ገንዘባችሁ እንዴት እንደሚመለስም አስቀድማችሁ እወቁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. የመርከቡን ማንነት አጣሩ

መርከብ ሲሸጥ ስሙ ይቀየራል። ቀለሙም ባንዲራውም ይቀየራል። የማይቀየረው አይኤምኦ ቁጥር የሚባለው ባለ 7 አሃዝ መለያ ነው። መርከቡ ከተሠራበት ቀን እስኪፈርስ ድረስ አብሮት ይኖራል። ይህን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉት የተሠራበት ዓመት፣ የቀድሞ ስሞቹና ባለቤቶቹ ይወጡላችኋል።

አስቶሪያ የሚባለውን መርከብ ውሰዱ። በ1948 ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ ሲያልቅ ስሙ ስቶክሆልም ነበር። በ1956 አንድሪያ ዶሪያ ከምትባለው የጣሊያን መርከብ ጋር የተጋጨው እሱ ነው። አንድሪያ ዶሪያ ሰጠመች፤ እሱ ተጠግኖ እስከ 2020 ድረስ በተለያየ ስም መንገደኛ ሲያመላልስ ኖረ። ስሙን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሁሉ አያውቅም።

ቀጥሎ ሁለት ቀን ፈልጉ፦ መርከቡ መጨረሻ ላይ ከውሃ ወጥቶ የተጠገነበትንና የውስጥ ዕድሳት የተደረገለትን። የመንገደኛ መርከብ የደህንነት ሰርተፊኬት በየ12 ወሩ ይታደሳል። ሆዱም በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከውሃ ወጥቶ ይታያል። "ሊሰናበት ነው" የሚባል መርከብም ከዚህ ግዴታ አያመልጥም። ኩባንያው ሊተወው የሚችለው ምንጣፉን፣ ቀለሙን፣ የወንበሩን ልብስ ነው። የተቀደደ ምንጣፍ ብታዩ አትደንግጡ።

የእሳት ጉዳይም አለ። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ በቀላሉ በሚቀጣጠል ነገር የተሠሩ የድሮ መርከቦች በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ መንገደኛ መጫን አይችሉም። እንጨታቸው የሚያምር ብዙ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መርከቦች ከሥራ የወጡት በዚህ ሕግ ነው። ዛሬ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የሚሠራ አሮጌ መርከብ ይህን ወንፊት አልፏል።

መርከቡ የአሜሪካ ወደብ የሚነካ ከሆነ ሥራችሁ ይቀላል። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ተቋም ለንጽህናው ከ100 ነጥብ ይሰጠዋል። 86ና ከዚያ በላይ ማለፊያ ነው፤ 85ና ከዚያ በታች ውድቀት። ነጥቡን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ዝርዝሩን አንብቡ። የመጠጥ ውሃና የማቀዝቀዣ ጉድለት በተከታታይ ምርመራ ከተደጋገመ ሌላ መርከብ ፈልጉ።

የድሬ ሰው የጥገናን ጉዳይ ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ባቡሩ ከጅቡቲ ከተማችን የደረሰው በ1902 ነው። የምድር ባቡሩ ጥገና ክፍል ውስጥ የሠሩ አባቶቻችን ዕድሜ ጠገብ ማሽን እንዴት እንደሚኖር ያውቁታል። ማሽን የሚቆየው በያዘው እጅ ነው። መርከብም እንደዚያው ነው።

2. ቀኑንና ገንዘቡን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

አሮጌ መርከብ የሚሰናበተው ነዳጅ ስለሚበላ፣ ጥገናው ስለሚወደድና በረንዳ ያለው ክፍል ስለሚያንሰው ነው። የዛሬ መንገደኛ በረንዳ ይፈልጋል። ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ የስንብቱን ቀን ከወራት በፊት ያሳውቃሉ። ገዢ ቶሎ ከተገኘ ወይም ገበያው ከቀዘቀዘ ግን ስንብቱ ከተባለው ቀን ይቀድማል። በ2020 ኮቪድ ሲገባ የሆነው ይህ ነው። በ1990 ሥራ የጀመረችው ካርኒቫል ፋንታሲ ስንብቷ በወጉ ሳይደረግ በ2020 ቱርክ ውስጥ አሊያጋ ለመፍረስ ደረሰች። ሌሎችም ተከተሏት።

ኩባንያው ጉዞውን ከሰረዘ አብዛኛውን ጊዜ የመርከቡን ዋጋ ይመልሳል ወይም ወደ ሌላ መርከብ ያዛውራል። ለብቻችሁ የቆረጣችሁትን የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴሉንና የቪዛውን ወጪ ግን አይመልስም። ከድሬ ለሚነሳ ሰው ትልቁ ወጪ ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ፦

የአውሮፕላን ትኬቱ ቀን መቀየር የሚቻልበት ይሁን። ትንሽ ቢወደድም ይሁን።

ክፍያውን ውጭ ያለው ልጅ በክሬዲት ካርድ ይክፈል። ችግር ቢመጣ በባንኩ በኩል ክርክር የማንሳት ዕድል ይኖረዋል። በቴሌግራም "ርካሽ ክሩዝ አለኝ" ለሚል ደላላ በእጅ ብር አትስጡ። ከከፈላችሁ በኋላ የማስያዣ ቁጥሩን ወስዳችሁ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ እዩት።

የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ኩባንያው ቢከስር ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። ክሩዝ ኤንድ ማሪታይም ቮያጅስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በሐምሌ 2020 ከስሮ ሥራ አቁሟል። የሚያሠራቸውም በዕድሜ የገፉ መርከቦችን ነበር።

የመጨረሻውን ጉዞ እንምረጥ ወይስ ከዚያ በፊት ያለውን? የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ዓላማችሁ ቤተሰብ መገናኘት ከሆነ ከስንብቱ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ያለውን ያዙ። የመጨረሻው ጉዞ መርከቡን ለዓመታት በሚያውቁ ደንበኞች ይሞላል፤ ዋጋውም ይጨምራል፤ የመሰረዝ አደጋውም የሚበዛው በእሱ ላይ ነው። መርከብ የምትወዱ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ስሜት የትም አታገኙትም።

3. ቪዛ፣ ቢጫ ካርድ፣ በረራ

መርከብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ አገር ይነካል። ከጣሊያን ተነስቶ ቱርክ ወይም ሞሮኮ ደርሶ ከተመለሰ ሸንገን ከሚባለው የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ክልል ወጥታችሁ እንደገና ገባችሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ጠይቁ። የወደቦቹን ዝርዝር በሙሉ ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ አገር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚጠየቅ አጣሩ። አንድ ወረቀት ከጎደለ ከመሳፈሪያው በር ይመልሷችኋል። ፓስፖርቱም ጉዞው ካለቀ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርድ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ "ጊዜው አልፏል" ቢሏችሁ አትደናገጡ።

ከድሬ አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መርከቡ የሚነሳበት ከተማ ግን ከአንድ ቀን በፊት ግቡ። ለምሳሌ "ሮም" ተብሎ የሚሸጠው ጉዞ የሚነሳው ከቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መመለሻችሁ ታኅሣሥ 19 አካባቢ ከሆነ የድሬውን ትኬት አስቀድማችሁ ያዙ። የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን የአውሮፕላን ወንበርም የሆቴል አልጋም ይጠፋል።

የአውሮፓ ቪዛ እምቢ ካለ ዱባይ ላይ ሌላ በር አለ። በ1969 ሥራ የጀመረችው ዝነኛዋ ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 በ2008 ተሰናብታ ዱባይ ራሺድ ወደብ ቆማለች። ከ2018 ጀምሮ ሆቴል ናት። አትንቀሳቀስም፤ ግን የድሮ መርከብ ውስጥ ማደር ምን እንደሚመስል በደንብ ታሳያለች።

4. ክፍል ስትመርጡ

አሮጌ መርከብ ላይ የክፍል ምርጫ ከአዲሱ ይልቅ ወሳኝ ነው። ድምፁና ንዝረቱ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። የመርከቡ ኋላ ሞተርና ማሽከርከሪያ ስላለበት ይንቀጠቀጣል። ፊቱ ላይ ደግሞ ንጋት ላይ መልህቅ ሲወርድ ሰንሰለቱ ከእንቅልፍ ያባንናል። ስለዚህ መሀል፣ ዝቅ ካለው ፎቅ። ሲናወጥም ቦታው የተሻለ ነው። የፎቆቹን ካርታ አውጡና ከላያችሁና ከበታቻችሁ ምን እንዳለ እዩ። ክፍል ከላይም ከታችም ክፍል ቢኖረው ይመረጣል። ኩሽና ወይም ዳንስ ቤት ከሆነ ተዉት።

ለእናትና ለአባት ስትመርጡ ጉልበታቸውን አስቡ። የድሮ መርከብ በሮች ከወለሉ ከፍ ያለ ደፍ አላቸው፤ መታጠቢያ ቤቱም ብዙ ጊዜ ወደ ላይ የሚረገጥ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለ የሚመቹት ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ ከሁሉ በፊት ያንን ያዙ። አሳንሰር አጠገብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ደጃፉ ላይ ግን አይሁን።

5. ሻንጣ ውስጥ የሚገባና የማይገባ

ጫት አይገባም። እዚህ ገበያ ላይ እንደ ልብ ስለሚሸጥ ሰው ይዘነጋዋል። እንግሊዝ በ2014 ከልክላዋለች፤ አሜሪካና ኤምሬትስም ሕገወጥ ነው። "ለልጄ ትንሽ" ብሎ የያዘ ሰው መርከቡን ሳያይ ፖሊስ ጣቢያ ሊያድር ይችላል።

ጀበናውን ለጌጥ ውሰዱ ካላችሁ ውሰዱት፤ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማና የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን በፍተሻ ይወሰዳሉ። ካውያም እንደዚያው። ባሕር ላይ እሳት ከሁሉ የከፋ አደጋ ስለሆነ በዚህ ቀልድ የለም። ቤት የተሠራ ምግብ አብዛኛው ኩባንያ አያስገባም። ቋንጣና ቅቤ ደግሞ ወደ አውሮፓ ማስገባትም ክልክል ነው። በፋብሪካ የታሸገ ሚጥሚጣ ግን ያዙ። የመርከብ ምግብ አልጫ ነው፤ አብራችሁ የምትበሉት ሁሉ ያመሰግናችኋል።

ጋቢ ያዙ። እኛ የድሬ ሰዎች ሙቀት ለምደናል፤ የድሮ መርከብ ማቀዝቀዣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ ይበርዳል ወይ አይሠራም፤ መሀል የለውም።

ሶኬት ጥቂት ነው። አንዳንድ ክፍል አንድ ብቻ አለው፣ እሱም መስታወቱ ሥር። ማከፋፈያ መያዝ ይፈቀድ እንደሆነ ኩባንያውን ጠይቁ፤ ሰርጅ (የኃይል መዋዠቅ) መከላከያ ያለውን ግን አትያዙ። የየቀኑ መድኃኒት ከዋናው ማሸጊያው ጋር በእጅ ሻንጣ ይሁን።

6. የመጀመሪያዋ ሰዓት

ክፍላችሁ እንደገባችሁ ሻንጣ አትፍቱ። መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ግቡና የሻወሩን ሙቅ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ልቀቁት፤ ራሳችሁ ወጣ ብላችሁ ጠብቁ። የቆየ ቱቦ ውስጥ የተኛ ውሃ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ቢጫ ቢል ይጠራል፤ ካልጠራ ተናገሩ። ሽንት ቤቱን አንዴ ልቀቁ። የሚሠራው አየር በመሳብ ስለሆነ ድምፁ ያስደነግጣል። ከመጸዳጃ ወረቀት ሌላ ምንም አትጣሉበት። አንድ ክፍል ከደፈነው ጎረቤት ክፍሎችም አብረው ይቆማሉ፤ አሮጌ መርከብ ላይ ደግሞ ጥገናው ረዥም ሰዓት ይወስዳል።

ከዚያ ማቀዝቀዣው ላይ እጃችሁን ያዙ፣ ፍራሹን ተጫኑ፣ የካዝናውን ቁልፍ ሞክሩ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ምልክት ካለ በስልክ ፎቶ አንሱ። ችግር ካለ አሁኑኑ ሪሴፕሽን ሂዱ። መርከቡ ከተነሳ በኋላ ባዶ ክፍል ላይገኝ ይችላል። በቁጣ ሳይሆን ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ሠራተኞቹ መርከቡ ሊዘጋ መሆኑን ያውቃሉ። የሚቀጥለው ሥራቸው የት እንደሆነ የሚጨነቁም ይኖራሉ።

7. የአደጋ ልምምዱን አትዝለሉ

ሰባት አጭርና አንድ ረዥም ጡሩምባ ከሰማችሁ አጠቃላይ የአደጋ ጥሪ ነው። የመሰብሰቢያ ቦታችሁ ቁጥር ካርዳችሁ ላይ ወይም የክፍሉ በር ጀርባ ላይ አለ። ኮስታ ኮንኮርዲያ በጥር 2012 ጣሊያን አጠገብ ስትገለበጥ 32 ሰው ሞቷል። በዚያ ቀን ከተሳፈሩት መሀል ልምምዱን ገና ያላደረጉ ነበሩ። ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲደረግ ግዴታ ሆኗል።

ከክፍላችሁ እስከ መሰብሰቢያው በእግር ሂዱበት። የድሮ መርከብ መተላለፊያ ጠባብና የተጠማዘዘ ነው፤ ደረጃ መሀል ላይ የሚቋረጥበትም አለ። እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ወላጆች መንገዱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሚገባቸው አስረዷቸው። የነፍስ አድን ጃኬቱንም ራሳቸው አንዴ ይልበሱት።

8. ባሕር ላይ ስትውሉ

ሰዓት። የመርከብ ሰዓት በፈረንጅ ነው። "4:30 ላይ ተመለሱ" ማለት ከሰዓት በኋላ 10:30 ነው፤ እናታችሁ በለመደችው ከቆጠረችው ማታ ይሆንባታል። መርከብ አይጠብቅም። ለእያንዳንዱ ሰው በመርከቡ ሰዓት የተሞላ የእጅ ሰዓት አስሩለት።

ምግብ። ጾም ላይ ከሆናችሁ "ጾም ነኝ" ብትሉ አይገባቸውም። "ቪጋን" በሉ፤ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል እንደሌለበት አረጋግጡ። ሐላል የምትፈልጉም እንደዚሁ፤ ሁለቱንም ስታስይዙ አሳውቁ፣ ስትሳፈሩ ደግሞ ለምግብ ቤቱ ኃላፊ ድገሙለት። አሮጌ መርከብ ላይ ምግብ ቤቱ ጥቂት ስለሆነ አንድ አስተናጋጅ ቶሎ ያውቃችኋል። በሁለተኛው ቀን ሳትናገሩ ያመጣላችኋል።

እጅ። ኖሮቫይረስ የሚባለው ተቅማጥና ትውከት አምጪ በመርከብ ላይ በፍጥነት ይዛመታል። አልኮል ያለው ጄል ብዙም አይገድለውም። በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ በተለይ ከቡፌ በፊት።

ማጥወልወል። ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ መስኮት ክፈቱልኝ የምትሉ ሰዎች ለእናንተ ነው። የማጥወልወል መከላከያ ክኒን ማጥወልወሉ ከመጀመሩ በፊት ካልተወሰደ ብዙም አይጠቅም። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ፋርማሲስት ጠይቁ፤ አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣል። ውጭ ውጡና አድማሱ ላይ አተኩሩ። ሆድ ባዶ አይሁን።

ስልክ። ከወደብ እንደወጣችሁ በአውሮፕላን ሁነታ አድርጉት። የመርከቡ ኔትወርክ በሳተላይት ነው፤ ሳታውቁት ዶላር ይበላል።

9. አዲሱ መርከብ የሌለውን ተጠቀሙበት

የዛሬዎቹ ትልልቆቹ መርከቦች እንደ ገበያ አዳራሽ ወደ ውስጥ የሚያዩ ናቸው። የድሮው ወደ ባሕሩ ያያል። ብዙዎቹ መርከቡን ዙሪያውን የሚያዞር ሰፊ መሄጃ አላቸው፤ ወለሉ ቲክ የሚባል እንጨት ነው። ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ጣውላና ጣውላ መሀል ጥቁር መስመር አለ፤ ውሃ እንዳይሰርግ የተሞላ ነው። እንጨቱ በሰው እግር ብዛት መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ታገኙታላችሁ። ጠዋት ሠራተኞቹ ሳያጥቡት በባዶ እግር ሂዱበት፤ ቤተሰብ ለማውራት ከዚህ የተሻለ ቦታ መርከቡ ላይ የለም።

የማዘዣ ክፍሉንና የሞተር ክፍሉን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሁሉም ባይፈቅድም በስንብት ሰሞን አንዳንድ ካፒቴን ይለሰልሳል። ዕድሜያቸውን በመርከቡ ላይ የጨረሱ ሠራተኞችን አዋሩ። ስለ መርከቡ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

መታሰቢያ ከፈለጋችሁ ጠይቃችሁ ግዙ። ኩባንያዎች በመጨረሻው ወር ካርታ፣ ሥዕል፣ የክፍል ቁጥር ሳይቀር የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ከግድግዳ ነቅሎ መውሰድ ስርቆት ነው፤ የደህንነት ምልክት ከሆነ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

10. ስትወርዱ

ከመውረዱ በፊት ባለው ምሽት ሻንጣ በር ላይ ይቀመጣል። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና የነገ ልብስ እንዳታስቀሩበት። ሂሳባችሁን በዚያው ማታ በስልክ ወይም በሪሴፕሽን እዩ፤ ያልጠጣችሁት መጠጥ ካለ ንጋት ላይ ሰልፉ ሳይረዝም አስነሱት። በየቀኑ የሚቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ብዙ ጊዜ ለሠራተኛው በቀጥታ የሚደርስ ስላልሆነ ክፍላችሁን ላጸዳው ሰው በእጁ ጨምሩለት።

የመመለሻ በረራችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አይሁን። አሮጌ መርከብ አንዳንዴ አርፍዶ ይደርሳል፤ መውረጃውም በአንድ ሁለት በር ብቻ ነው። መርከቡ በቅርቡ የሚሸጥ ከሆነ በቅሬታም ሆነ በተመላሽ ገንዘብ ጉዳይ ደብዳቤያችሁን በዚያው ሳምንት ለኩባንያው ዋና ቢሮ ላኩ። የመርከቡ ቢሮ ከተዘጋ በኋላ የምታነጋግሩት ሰው አታገኙም።